ትንሿ የቆላ እፉኝት ደንገጎን እየወጣች ነው? የድሬዳዋና የሐረር ዳገት የጉዳይ ጥናት

ከድሬዳዋ ሐረር ለመግባት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል። በዚህች አጭር መንገድ ግን ከ1,200 ሜትር ከፍታ ተነስተን፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ወጥተን፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፈን 1,885 ሜትር ላይ ሐረር እንደርሳለን። ታች በላብ የተጠመቀ መንገደኛ ላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ለእባብ ይህ ልዩነት ከምቾት ያለፈ ነው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አያመነጭም፤ አየሩና መሬቱ የሰጡትን ይወስዳል። እንቁላል የሚጥል ከሆነ ደግሞ አፈሩ በቂ ሙቀት ካልያዘ ጫጩት አይፈለፈልለትም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ኤኪስ ፒራሚዱም የሚል ሳይንሳዊ ስም ያላት ትንሿ የቆላ እፉኝት ይህን ዳገት እየወጣች ነው ወይ የሚል ነው። ጥያቄው የጉጉት ብቻ አይደለም። የዚህች እባብ መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ በሌላ እባብ መርዝ የተሠራ ማርከሻ ላያድን ይችላል። ሐረር ያለ ሐኪም «ይህች እባብ እዚህ የለችም» ብሎ ቢዘናጋ አደጋ ነው፤ ድሬዳዋ ያለው «አሁን ሁሉም ቦታ አለች» ብሎ የነከሰውን እባብ ሁሉ እርሷ ናት ቢልም አደጋ ነው።

መልሳችን ከወዲሁ ይታወቅ፦ እባቧ ደንገጎን ተሻግራለች የሚያሰኝ ማስረጃ የለም፤ የሙቀቱ ስሌትም አይደግፈውም። እየተንቀሳቀሱ ያሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ከእነርሱ ዋነኛው ሰው ነው።

ጣሪያዋ

ትንሿ እፉኝት ከግብፅ ጀምሮ በሱዳን፣ በኤርትራ፣ በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያ ቆላና በሶማሊያ አድርጋ እስከ ኬንያ ትገኛለች፤ ከቀይ ባሕር ማዶም የመን ውስጥ አለች። አገሯ ደረቅ፣ ድንጋያማና ቁጥቋጧማ ቆላ ነው፤ ከ1,300 ሜትር በላይ እምብዛም አትታይም። እንግዲህ ድሬዳዋ የተቀመጠችው በስርጭቷ መሀል ሳይሆን ከጣሪያዋ ሥር ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ሽንሌ ስንወርድ ሜዳው የእርሷ ነው። ወደ ደቡብ ቀና ስንል ተራራው ይጋረጣል።

አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። ሲገለበጥ፣ የ1 ዲግሪ የሙቀት ጭማሪ የአንድን ቦታ የአየር ጠባይ ወደ 150 ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋዋል ማለት ነው። ዛሬ 1,300 ሜትር ላይ ያለው ሙቀት ደንገጎ ጫፍ እንዲደርስ 700 ሜትር መውጣት አለበት፤ ለዚያ 4 ዲግሪ ተኩል የሚሆን ጭማሪ ያስፈልጋል። ዓለም ከኢንዱስትሪ ዘመን ወዲህ በአማካይ የሞቀችው ከ1 ዲግሪ በጥቂቱ በሚበልጥ ነው። ሙሉ ጭማሪውን ለእባቧ ብንሰጣት እንኳ የምትደርሰው 1,500 ሜትር አካባቢ፣ ከተራራው ጉልበት ላይ ነው። ከዚያ በላይ ከኅዳር እስከ ጥር የሐረማያ ሌሊት ይጠብቃታል። እርሷ እንደ ትልቁ እፉኝት ልጆቿን በሆዷ ይዛ ፀሐይ እያሞቀች አታሳድግም፤ እንቁላል ጥላ ለአፈሩ አደራ ትሰጣለች።

(እፉኝት ስትወልድ ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ የሚለው የድሮ እምነት የተፈጠረው ትልቁ እፉኝት፣ ቢቲስ አሪየታንስ፣ ሕያው ልጆች ስለሚወልድ ይመስለናል። አንድ ጊዜ 20 እና 30 ይወልዳል፤ እናቲቱ ግን አትሞትም። ይህ እባብ ከ2,000 ሜትር በላይም ስለሚኖር ድሬዳዋም ሐረርም ነባር ነው፤ ሐረር ላይ እፉኝት መታየቱ ብቻውን አዲስ ነገር አይደለም።)

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት 209 መርዛማ የእባብ ዝርያዎች እስከ 2070 የት ሊኖሩ እንደሚችሉ በሞዴል አስልቶ፣ አብዛኞቹ የሚስማማቸው መሬት እንደሚጠብባቸው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ወደ ጎረቤት አገሮች እንደሚሰፉ ተንብዮአል። እንዲህ ያለው ሥራ ለአህጉር ጠቃሚ ነው። ለአንድ ዳገት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሞዴሉ መሬትን በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ የድሬዳዋ ዳርቻና የደንገጎ ጫፍ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ።

የሐረር በር በሌላ በኩል ነው

ሐረርን ከቆላው የሚያገናኛት ደንገጎ ብቻ ይመስል ሁሉም ወደዚያ ያያል። ከሐረር ወደ ባቢሌ ስንጓዝ የምናቋርጠው የኤረር ሸለቆ ግን ያለ ምንም ግድግዳ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል (ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ካለችው የኤረር ከተማ ጋር እንዳይምታታ)። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የሚገኘው በእነ ኤረርና ጎቤሌ ሸለቆዎች ውስጥ ነው፤ ዝቅተኛው ቦታው ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል። የቆላ እባብ ወደ ሐረር ጎን የምትቀርብበት መንገድ ካለ ይህ ሸለቆ ነው። ተራራ መውጣት አያስፈልጋትም፤ ድንጋያማውን የሸለቆ ዳር ይዛ ቀስ በቀስ ሽቅብ ትከተላለች። ክትትል ሲታቀድ ገንዘቡና የእግር ጉዞው ከሁሉ አስቀድሞ እዚህ መዋል አለበት።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ማሳሳቻ አለ፤ በእኛ ዕይታ ከሁሉ የከፋው እርሱ ነው። ከኤረር ሸለቆ፣ ከፈዲስ፣ ከባቢሌ ቆላ የተነከሰ ሰው ሪፈር ተጽፎለት ሐረር ይገባል። ከሽንሌ በኩል ያለው ድሬዳዋ ይመጣል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ሕክምናው የተሰጠበት ከተማ፣ ቢበዛ የቤት አድራሻ ነው። ሰውዬው የተነከሰው ግን ፍየል ሲያግድ ወይም ሌሊት ማሳ ሲጠብቅ ቤቱ አጠገብ ሳይሆን 500 ሜትር ቁልቁል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ መዝገብ በአምስት ዓመት ተጠቃሎ ካርታ ላይ ሲወጣ፣ ቆላ ያለችው እባብ 1,885 ሜትር ላይ ነጥብ ታገኛለች። ያ ነጥብ የአምቡላንሱ መንገድ እንጂ የእባቧ አይደለም። መንገድ በተሠራና አምቡላንስ በበዛ ቁጥር ነጥቡም ይበዛል፤ ያላወቀ ሰው «ስርጭቱ ሰፋ» ይላል።

መዝገቡ ላይ «እባብ» ብቻ መጻፉም ሌላ ጣጣ ነው። ታካሚው በኦሮምኛ «ቦፋ» ቢል፣ በሶማሊኛ «መስ» ቢል፣ በአማርኛ «እባብ» ቢል ያው እባብ ነው፤ ዝርያውን አይለይም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ

ተረቱ በትክክል የሚሠራበት ቦታ ነው። ትንሿ እፉኝት ርዝመቷ አንድ ክንድ ያህል፣ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ስትቆጣ እንደ ግማሽ ክብ ተጣጥፋ የጎኗን ሻካራ ቅርፊቶች እርስ በርስ ታፋትጋለች፤ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ እንደሚሰማው ያለ ሽሽታ ይወጣታል። ይህን ድምፅ የሰማ ሁሉ «እርሷ ናት» ይላል። ነገር ግን ዳሲፔልቲስ የሚባል፣ የወፍ እንቁላል ብቻ የሚበላ፣ መርዝም የመርዝ ጥርስም የሌለው እባብ ያንኑ መልክ ለብሶ፣ ያንኑ ድምፅ ያሰማል፤ አፉንም ከፍቶ ያስፈራራል። ይህ ምስኪን ደጋ ላይም ይኖራል። በደጋ የታየች «የበረሃ እፉኝት» እርሱ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። በቆላው ደግሞ ጅራቱ ድንገት የሚቆረጥ የሚመስለው አጭርና ወፍራሙ የአሸዋ ቦኣ ተመሳሳይ ግራ መጋባት ይፈጥራል።

መለያው ሁለት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው የራስ ቅሉ ላይ ያለው ነው፦ የትንሿ እፉኝት ራስ ከአንገቷ ሰፋ ያለ ሲሆን ከላይ በጥቃቅን ቅርፊቶች ተሸፍኗል፤ የእንቁላል በሊታው ራስ ጠባብ ነው፣ ትልልቅ ሰሌዳ የመሰሉ ቅርፊቶችም አሉት። ሁለተኛው የጅራት ሥር ነው። የሞተችውን እባብ በረጅም እንጨት ገልብጣችሁ ከፊንጢጣዋ ወደ ጅራቷ ጫፍ ያሉትን ቅርፊቶች እዩ፤ አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነና ራሷም ከአንገቷ ከሰፋ ትንሿ እፉኝት ልትሆን ትችላለች (የአሸዋ ቦኣውም አንድ ረድፍ አለው፣ ራሱ ግን ከአንገቱ አይለይም)። ሁለት ሁለት ሆነው ከተደረደሩ አይደለችም፤ ትልቁ እፉኝትም እንቁላል በሊታውም ሁለት ረድፍ ናቸው። የዓይን ብሌን ቁመቱ ቀጥ ያለ መሆኑ አያለያያቸውም፤ የሁሉም እንዲሁ ነው።

ይህን በእጅ አታድርጉት። የተቆረጠ የእባብ ራስ ሳይቀር ከሞተ በኋላ በደመ ነፍስ ይነክሳል፣ መርዝም ይረጫል።

የተንቀሳቀሰው ስም

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ህንድ ያሉት የዚህ ወገን እፉኝቶች በጥቅሉ ኤኪስ ካሪናተስ ይባሉ ነበር። ኋላ ተለያዩ፤ ካሪናተስ የሚለው ስም ለእስያዋ ቀረ፣ የእኛዋ ፒራሚዱም ተባለች። የድሮውን ካርታ ከአዲሱ ጋር ያስተያየ ሰው አንዷ ከአፍሪካ እንደ ጠፋች፣ ሌላዋ እንደ ገባች ያያል። አንዲትም እባብ ግን ከጉድጓዷ አልወጣችም። በተፊዎቹ ኮብራዎችም ያው ሆኗል፦ እ.ኤ.አ. በ2003 ናጃ ኑቢዬ ከቀዩ ተፊ ኮብራ ተለይታ ስትወጣ የቀዩ ካርታ ጠበበ፤ በ2007 ደግሞ ናጃ አሼይ ከጥቁር አንገቱ ተፊ ኮብራ ተለየች።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ባላነሳነው። በማርከሻ ጠርሙስ ላይ ኤኪስ ካሪናተስ ተብሎ የተጻፈው የህንድ እባብ መርዝ ነው፤ የህንዱ ማርከሻ የሚሠራው ከአራት የህንድ እባቦች መርዝ ነውና። ስሙን ብቻ አይቶ «ያችው ናት» ብሎ መግዛት ምን እንደሚያስከትል ጋና ውስጥ ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአካባቢው ኤኪስ ይሠራ የነበረው ማርከሻ በህንድ ሠራሽ ሲተካ፣ በአንድ አካባቢ በእባብ ከተነከሱት የሚሞቱት ከ1.8 በመቶ ወደ 12.1 በመቶ አሻቀቡ። ለአፍሪካ ይሠራ የነበረው የፋቭ አፍሪክ የመጨረሻ ምርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ጊዜው አልፏል። ስለዚህ የፋርማሲ ኃላፊ ካርቶኑን ሲረከብ በውስጡ ያለውን ወረቀት አውጥቶ የዝርያዎቹን ስም ያንብብ። ፒራሚዱም የሚል ስም ከሌለ፣ በተለይ ካሪናተስ ብቻ ከሆነ፣ ለድሬዳዋና ለኤረር ሸለቆ ሰው በቂ ነው ብሎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይገባም። ኦኬላተስ የሚለውም የምዕራብ አፍሪካዋ ናት።

በእውነት የተስፋፋው

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡሩ ጣቢያ ሆና ስትቆረቆር ትንሽ ሰፈር ነበረች። ዛሬ ከተማዋ ወደ መልካ ጀብዱ፣ ወደ ሽንሌ አቅጣጫና ወደ ተራራው ግርጌ ተዘርግታለች። በቀድሞ የእፉኝት አገር ላይ ቤት፣ መጋዘንና የድንጋይ አጥር ቆሟል። ድንጋይ ያለ ጭቃ የተካበበት አጥር፣ በጎርፍ መከላከያ ሽቦ የታሰረ የድንጋይ ክምር፣ የተራራ እርከን፣ ሁሉም ለእባብ ቀን ቀን የሚያርፍበት ቀዝቃዛ ጓዳ ነው። የቆሻሻ ክምር አይጥ ይጠራል፣ አይጥ እባብ ይጠራል። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ ጫካም በሜዳው ላይ ጥላ አበዛ። ደቻቱ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው እንደወሰደው ያለ ጎርፍ ደግሞ ከላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያወርዳል። ቁልቁል እንጂ ሽቅብ እንደማይወስድ ልብ ይሏል።

ሽቅብ የሚወስደው መኪና ነው። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ከሰልና የእንስሳት ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ አንዲት እፉኝት ደብቆ ሐረር ሊያደርስ ይችላል። አንድ እንግዳ ግን ነዋሪ አይደለም። ነዋሪ ሆነ ለማለት በአንድ ቦታ እንቁላል የያዘች ሴትና የዓመቱ ልጆች በተከታታይ ዓመታት መገኘት አለባቸው።

ስርጭት በእርግጥ ሲሰፋ ምን እንደሚመስል ድሬዳዋ ራሷ አይታለች። አኖፊለስ ስቴፌንሲ የተባለችው የእስያና የዓረብ ምድር የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪደሃር ተገኘች፤ በ2022 ድሬዳዋ ውስጥ በበጋው ወባ ሲቀሰቀስ እጇ እንዳለበት ተረጋገጠ። ያ የታመነው በወሬ አይደለም። እጮቿ ከውሃ ማጠራቀሚያ ተለቅመው፣ ዘረመላቸው ተመርምሮ፣ የታማሚዎቹ ቤት ከትንኞቹ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ለእባቧም ከዚያ ያነሰ ሳይሆን ያንኑ ያህል ማስረጃ እንጠይቅ።

ማስረጃው እንዴት ይሰበሰባል

አንድ ግኝት እንዲቆጠር ከላይ የተነሳ፣ የጭንቅላቱ ጎን የሚታይበትና የጅራት ሥር የሚታይበት ሦስት ፎቶ ይኑረው፤ አጠገቡ እስክሪብቶ ይቀመጥ፣ ርዝመቱ በኋላ እንዲለካ። ሕያው ከሆነ ከላይ ያለው ፎቶ ብቻ፣ ከ2 ሜትር ርቀት ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ የቦታው አቀማመጥና ጂፒኤስ ይመዝገቡ። የስልክ ከፍታ በተራራ ጥግ በአሥርት ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል፤ እዚህ ጉዳይ ላይ 50 ሜትር ትልቅ ነገር ስለሆነ ነጥቡን ካርታ ላይ አስቀምጦ ከፍታውን ከካርታው ማንበብ ይሻላል።

የሞተ እባብ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በቅደም ተከተል ስህተት ነው። በቅድሚያ የጥፍር ያህል ሥጋ ወይም ጉበት ተቆርጦ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ነው አካሉ በ10 በመቶ ፎርማሊን የሚወጋውና የሚነከረው፤ ከቀናት በኋላም ታጥቦ ወደ 70 በመቶ አልኮል ይዛወራል። ፎርማሊን ከቀደመ ዘረመሉን ማንበብ እጅግ አዳጋች ይሆናል። መለያው በእርሳስ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል።

ፍለጋው የሚያፈራው በመጀመሪያዎቹ የበልግና የክረምት ዝናቦች ማግሥት፣ ከመሸ በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት ነው። ቦት ጫማና ጠንካራ የእጅ ባትሪ ግድ ነው፤ ድንጋይ የሚገለበጠው በመንጠቆ፣ ወደ ፈላጊው አቅጣጫ ነው፤ እባቡ በወዲያኛው በኩል እንዲወጣ።

ጤና ጣቢያው ላይ

ተነካሹ ዘንድ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ መብጣት፣ መምጠጥና በገመድ ጠፍሮ ማሰር ይቅር። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ እግሩ በእንጨት ተደግፎ አይንቀሳቀስ፣ ባጃጅም ይሁን አምቡላንስ የተገኘው ይምጣ። ተፊ ኮብራ ዓይን ውስጥ ከተፋ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ።

የትንሿ እፉኝት ንክሻ መሆኑን በዋናነት የሚጠቁመው ደሙ ነው። 2 ሚሊ ሊትር የደም ሥር ደም አዲስ፣ ደረቅና ንጹህ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ጨምሮ ለ20 ደቂቃ ሳይነኩ ማቆየት፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ማዘንበል። ሳይረጋ ከፈሰሰ መርዙ የደም መርጊያውን ጨርሶታል። ምርመራው የሚሳሳተው በጥቃቅን ነገር ነው፦ የፕላስቲክ ቱቦ ጤነኛ ደም እንኳ ሳያረጋ ሊያቆይ ይችላል፤ በሳሙና የታጠበ ብርጭቆም እንዲሁ። ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቱቦ ደም እንዳይረጋ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ማርጊያ የተቀባው ደግሞ የታመመውን ደም ያረጋል። በ10ኛው ደቂቃ አንስቶ ማየትም ውጤቱን ያበላሻል። ጥርጣሬ ካለ የአስታማሚው ደም ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ የእርሱም ካልረጋ ጥፋቱ የቱቦው ነው።

ደሙ ካልረጋ ማርከሻው በደም ሥር ይሰጣል፤ ለሕፃንም መጠኑ እንደ አዋቂው ነው፣ እባቧ ለሕፃን ብላ መርዝ አትቀንስምና። ከመጀመሩ በፊት አድሬናሊን በመርፌ ተቀድቶ ይዘጋጅ፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ አለርጂ ሲነሳ ጡንቻ ላይ። ምርመራው ከ6 ሰዓት በኋላ ይደገማል፤ አሁንም ካልረጋ ማርከሻው ይደገማል። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ መስጠት፣ ጡንቻ ላይ ሌላ መርፌ መውጋት መድማትን ያባብሳል።

ይህ የ20 ደቂቃ ምርመራ ለካርታውም ከሁሉ ርካሹ መሣሪያ ነው። በድሬዳዋ፣ በሽንሌ፣ በባቢሌና በኤረር ሸለቆ ዙሪያ ያሉ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች መዝገባቸው ላይ አራት ዓምድ ቢጨምሩ ይበቃል፦ ታካሚው የተነከሰበት ቦታ ስም (ቤቱ ሳይሆን)፣ ሰዓቱ፣ ደሙ በ20 ደቂቃ ረጋ ወይስ አልረጋም፣ እባቡ በፎቶ ታየ ወይስ አልታየም። ደም ያልረጋባቸው ንክሻዎች ከፍታ በየዓመቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲነጠብ፣ 1,300 ሜትርን አልፎ በተከታታይ ዓመታት ሽቅብ የሚሄድ ጥግ ከታየ፣ ያኔ የፎቶና የዘረመል ቡድኑ የሚላክበት ቀበሌ ታወቀ ማለት ነው።